ፋይሉ ሲበላሽ የምንወቅሰው ማንን ነው?

መመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ፍላሼን ይዤ ግቢው አጠገብ ወዳለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ጽሑፉ እኔ ላፕቶፕ ላይ 62 ገጽ ነበር። የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት 66 ሆኖ ቁጭ አለ። ሠንጠረዦቼ መሃላቸው ተቆርጦ ግማሹ ወደ ቀጣዩ ገጽ ወርዷል። ማውጫው ምዕራፍ አራት ገጽ 41 ላይ ነው ይላል፤ ምዕራፍ አራት ግን 44 ላይ ነው ያለው። የምታትመው ልጅ ስክሪኑን አየት አድርጋ «ወንድሜ፣ ይሄን በምንድነው የጻፍከው?» አለችኝ። «በሊብረኦፊስ።» «ምንድነው እሱ?» ላስረዳት ስጀምር ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። «በቃ፣ ሌላ ጊዜ በትክክለኛው ወርድ ጻፍ» ብላ ገላገለችኝ።

ማውጫውን ማደስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሠንጠረዦቹን መልሶ መገጣጠም ግን ግማሽ ቀን በላብኝ።

ያኔ ልጅቷ ልክ መስላኝ ነበር። ሊብረኦፊስን የጫንኩትም በመርህ አልነበረም፤ ክራክ የተደረገው ዊንዶውሴ በቫይረስ ሲሞት ጓደኛዬ ሊኑክስ ስለጫነልኝ ነው። «ነፃ ነገር መቼም እንዲህ ነው» ብዬ ራሴን ወቀስኩ። «ትክክለኛው ወርድ» የሚለው ቃል ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ትክክለኛ ያደረገው ማነው? ነገሩን ስከታተለው የደረስኩበት መልስ፣ ወቀሳውን የምናወርደው ያለ ቦታው መሆኑን ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን እንክፈተው። ስልካችሁ ላይም ይሠራል። ቴሌግራም ላይ ከተላኩላችሁ የወርድ ፋይሎች አንዱን (በዶክኤክስ የሚያልቀውን) ኮፒ አድርጉና የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይሩት፣ ከዚያ ክፈቱት። ውስጡ ፎልደሮች ታያላችሁ፤ ጽሑፋችሁ አንዱ ውስጥ ኤክስኤምኤል በሚባል ቋንቋ ተጽፎ ተቀምጧል። የገጽ ፎቶ የሚባል ነገር ግን የለም። ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ይዞ ይሄዳል፤ የወርድ ፋይል ይዞ የሚሄደው ትዕዛዝ ነው። «ይሄን ቃል አድምቀው፣ ይሄን ሠንጠረዥ መሃል አድርገው፣ በዚህ ፎንት ጻፈው።» ገጹን የሚሠራው ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ነው፣ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ።

ስለዚህ ፋይሉ የወጥ አሠራር የተጻፈበት ወረቀት በሉት። ወረቀቱ ሁሉን ነገር በግልጽ ከጻፈ ማንም ሠራው ማን ተቀራራቢ ወጥ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «በርበሬውን እናቴ እንደምታደርገው አድርጉ» የሚል ካለበትስ? እናትየው ቤት በልቶ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ማይክሮሶፍት ዶክኤክስን ዓለም አቀፍ ደረጃ ለማድረግ ያቀረበው የመጀመሪያው ሰነድ ውስጥ «ክፍተቱን እንደ ወርድ 95 አድርግ»፣ «መስመሩን እንደ ወርድ 6 እጠፍ» የሚል ይዘት ያላቸው ትዕዛዞች ነበሩበት። ወርድ 95 ክፍተቱን እንዴት ነበር የሚያደርገው? እሱ አልተጻፈም ነበር። መልሱን የሚያውቀው ወርድን የሠራው ድርጅት ብቻ ነው። የሊብረኦፊስ ልጆች ወርድን እየከፈቱ፣ እያተሙ፣ በማስመሪያ እየለኩ ይገምቱ ማለት ነው።

ግምቱ ደግሞ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። ዶክኤክስ የመጣው ከኦፊስ 2007 ጋር ነው። ከሱ በፊት የነበረው ዶክ የሚባለው ፎርማት ጭራሽ በሰው የሚነበብ አልነበረም፤ ለኮምፒውተር ብቻ የሚገባ የቁጥር ክምር ነው። ጀርመን አገር ስታር ዲቪዥን የሚባል ድርጅት ስታርኦፊስን ሠራ፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዛውና በዓመቱ ምንጩን ለሕዝብ ከፍቶ ኦፕንኦፊስ አደረገው። በ2010 ሰንን ኦራክል ሲጠቀልለው ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ተገንጥለው ሊብረኦፊስን መሠረቱ። በዚህ ሁሉ ጉዞ የማይቀር አንድ ሥራ ነበር፦ የሰው ፋይል መፍታት። ማይክሮሶፍት የድሮውን ፎርማት ዝርዝር ለማንም ክፍት አድርጎ ያወጣው በ2008 ነው። ዶክ በዓለም ላይ ከነገሠ በኋላ ማለት ነው።

በመሃል አማራጭ መጥቶ ነበር። ኦዲኤፍ የሚባለው ክፍት የሰነድ ፎርማት በ2006 የአይኤስኦ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ግዛት ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 «ከ2007 ጀምሮ የመንግሥት ሰነድ በክፍት ፎርማት ይሁን» የሚል ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ማይክሮሶፍት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የራሱን ፎርማት ከ6,000 ገጽ በላይ በሆነ ሰነድ አዘጋጅቶ «የኔም ክፍት ነው» ብሎ ወደ አይኤስኦ ወሰደው። በ2007 ድምፅ ተሰጥቶ ወደቀ። በ2008 ተሻሽሎ ቀረበና አለፈ። ደቡብ አፍሪካ፣ ብራዚል፣ ሕንድና ቬኔዙዌላ አካሄዱን ተቃውመው ይግባኝ ቢሉም ውድቅ ተደረገባቸው። ማሳቹሴትስም በ2007 የማይክሮሶፍትን ፎርማት ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

የጸደቀው ደረጃ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ጥብቅ የሚባለው፣ የድሮው ጣጣ የጸዳለት። ሌላው መሸጋገሪያ የሚባለው፣ የድሮውን ልማድ ሁሉ የተሸከመ። ወርድ ላይ ዝም ብላችሁ «ሴቭ» ስትሉ የሚቀመጠው የቱ ይመስላችኋል? መሸጋገሪያው ነው። ይሄው አሥራ ምናምን ዓመት እየተሸጋገርን ነው።

ኤክሴል ውስጥ ደግሞ ለብቻው የሚያስቅ አለ። ኤክሴል የካቲት 29 ቀን 1900 የሚባል ቀን አለ ብሎ ያምናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1900 የካቲቱ 28 ብቻ ነው፤ ቀኑ በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። ስህተቱ የተወረሰው ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የቀድሞ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነው። የሎተስ ፋይሎች ቀናቸው እንዳይዛባ ተብሎ ሆን ተብሎ ተቀዳ፤ ከዚያ ዓለም አቀፍ ደረጃው ውስጥ ሁሉ ገባ። ሊብረኦፊስ ደግሞ ስህተቱን አልቀበልም፣ ቁጥሩ ግን ከናንተ ጋር ይግጠም ብሎ የቀን ቆጠራውን መነሻ ታኅሣሥ 30 ቀን 1899 አደረገ። ከመጋቢት 1 ቀን 1900 በኋላ ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ። ጳጉሜን ለውጭ አገር ሰው ለማስረዳት ሞክሮ ለሚያውቅ የኛ አገር ልጅ የዚህ ዓይነቱ ድካም አይጠፋውም።

ይሄንን ሁሉ የምዘረዝረው የማይክሮሶፍትን ስም ለማጥፋት አይደለም። ሎተስን ሲቀዳ እሱም የዛኔው ተከታይ ነበር፤ ደንበኛ ለማግኘት የሌላውን ፋይል መክፈት ነበረበት። የዛሬው ሊብረኦፊስ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ልዩነቱ፣ ተከታዩ የበላይ ሲሆን በሩን ክፍት ለማድረግ አልቸኮለም።

ወደ 66 ገጼ ልመለስ። እሱን ያመጣው በአብዛኛው ከዚህ ሁሉ ታሪክ ያነሰ ነገር ነው፤ ፎንት። ኦፊስ 2007 ካሊብሪ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ካሊብሪ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም። ፎንቱ ከሌለ ፕሮግራሙ ሌላ ይተካል፤ የተተካው ፎንት ፊደሎቹ በጥቂቱ ከሰፉ በአንድ መስመር የሚገባው ቃል ያንሳል፣ መስመር ይጨምራል፣ ገጽ ይጨምራል፣ ሠንጠረዥ ይወርዳል። ለዚህ የተገኘው መላ ደስ ይላል። ካርሊቶ የሚባል ነፃ ፎንት አለ፤ መልኩ ከካሊብሪ ይለያል፣ የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ግን ልክ እንደ ካሊብሪ ነው። ለታይምስ ኒው ሮማንና ለኤሪያልም ሊበሬሽን የሚባሉት ፎንቶች ይሄንኑ ሥራ ይሠራሉ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ የሰው ገጽ እንዳይፈርስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ስፋት አስተካክሏል።

ያ ግን ለላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይጠብቃል። ቢሮ ውስጥ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ስልካችሁ ላይ ስትከፍቱት ኒያላ ስለሌለ ስልኩ የራሱን የግዕዝ ፎንት ይተካል፤ የሁለቱ የፊደል ስፋት አንድ አይደለም። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው መሃል የነበረው ዳር ሄዶ፣ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ገጽ ላይ ብቻውን የቀረበትን ፋይል ያላየ አለ?

ይሄም ቀላሉ ነው። አባቶቻችን ቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ያሉ የድሮ ፋይሎችን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና የድሮው ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ከላይ የግዕዝ ፊደል መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ ካለ አማርኛ ታነባላችሁ። ፎንቱ ከሌለ የምታነቡት ማንም የማይፈታው የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የነጥብ ድብልቅ ነው። እነዚያን ፎንቶች የሠሩ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ማንም ባላሰበልን ጊዜ በቋንቋችን እንድንጽፍ አድርገዋል። ግን እያንዳንዱ የራሱ መንገድ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ውጤቱን ዛሬ እያየነው ነው፤ የቀበሌ ዝርዝር፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ያልታተመ ልብ ወለድ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፣ ግን አይነበብም። የፎርማት ነገር የፈረንጅ ቅንጦት ነው ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይሄን ነው። አንዴ ከስረንበታል።

አሁን ኢኮኖሚክስ የተማርኩበትን ልጠቀም። የኔትወርክ ውጤት የሚባል ነገር አለ፤ የአንድ ዕቃ ጥቅም የሚጨምረው ሌላው ሰው ስለያዘው ነው። ቴሌግራም ላይ ያለነው ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፣ ጓደኞቻችን እዚያ ስላሉ ነው። ወርድም እንደዚያው። እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ነፃ ሶፍትዌር በዋጋ እንዳያሸንፍ ተፎካካሪው ክራክ ነው፤ የክራክ ዋጋም ዜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቢል ጌትስ ራሱ የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊት ስለ ቻይና ሲናገር፣ መስረቃቸው ካልቀረ የኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ይለምዱታል፣ ክፍያውን የምንሰበስብበትን መንገድ ወደፊት እናገኛለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሯል። ስለዚህ ክራክ ስንጭን ድርጅቱን የጎዳን እየመሰለን የሱን ፎርማት ስንጠብቅለት ነው የኖርነው።

እዚህ ላይ የኦፕን ሶርስ ሰዎች ራሳቸው የሚጨቃጨቁበት ጥያቄ አለ። ሊብረኦፊስ ዶክኤክስን አሳምሮ በከፈተና በጻፈ ቁጥር ዶክኤክስ ይበልጥ የዓለም ቋንቋ ይሆናል። ኦንሊኦፊስ የሚባለው ሌላው ክፍት ፕሮግራም ጭራሽ የራሱ መነሻ ፎርማት አድርጎ የያዘው የማይክሮሶፍትን ነው፤ ለተጠቃሚ ምቹ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን የሰውን ፎርማት በነፃ ጉልበት እያገለገልን አይደለም ወይ?

የኔ አቋም እንዲህ ነው። ማንበብና መጻፍ አንድ አይደሉም። የሰውን ፋይል ማንበብ መቻል የመቀየሪያ ወጪን ይቀንሳል፤ የአሥር ዓመት ዶክመንት ያለው ሰው ፋይሎቹ እንደሚከፈቱለት ካላወቀ ከወርድ ንቅንቅ አይልም፣ ደግሞም ልክ ነው። እዚያ ላይ የሚፈሰው ጉልበት ሁሉ የሚገባ ነው። በዶክኤክስ መጻፍ ግን ለባለቤቱ ኔትወርክ አንድ ሰው መጨመር ነው። እንደ እውነቱ እኔም እጽፋለሁ፤ አማካሪዬ አስተያየቱን በወርድ ጎን ላይ ነው የሚያስገባው፣ ምን ልበለው? ተማሪ አማካሪውን ፎርማት አያስቀይርም። ሥራ ፈላጊም ቀጣሪውን።

ለዚህ ነው መፍትሔው ፕሮግራመሮች ጋ ብቻ ነው ብዬ የማላምነው። ገንቢዎቹ በአስር ሺዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ፕሮግራሙን እየፈተኑ፣ ስህተት ሲነገራቸው እያረሙ ዓመታት ሄደዋል፤ ልዩነቱም በጣም ጠቧል። ግን ዒላማው ይንቀሳቀሳል። ካሊብሪን የሚያህል ሲገኝለት ማይክሮሶፍት አፕቶስ ወደሚባል አዲስ ፎንት ዞረ። ፎንት መቀየር መብቱ ነው፤ ግን ተከታይ ሁሌ ከኋላ ነው።

ቻርጀርን አስቡት። ካፌ ውስጥ «ቻርጀር አላችሁ?» ስንል «የአይፎን ነው ታይፕ ሲ?» እየተባልን ስንት ዓመት ኖርን። ያን ያስተካከለው ገመድ መለወጫ የሚሸጠው ልጅ ብልጠት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አወጣ፤ አፕልም ከአይፎን 15 ጀምሮ ወደ ታይፕ ሲ ገባ። ብዙ የሚገዛ አካል «በዚህ ካልሆነ አልቀበልም» ሲል ነገሩ ያልቃል።

በሰነድም ይሄው ታይቷል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የሚታዩ ሰነዶች በፒዲኤፍ ወይም በድረ ገጽ፣ አብረው የሚታረሙት ደግሞ በኦዲኤፍ ይሁኑ ብሎ ወሰነ። የጀርመኑ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ግዛት በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብረኦፊስ አዞራለሁ ብሏል። እዚያው ጀርመን የሙኒክ ከተማ አስተዳደር ግን በ2003 ጀምሮ ወደ 15,000 ኮምፒውተር ካዞረ በኋላ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል፤ ከሚነሱት ቅሬታዎች አንዱ ከውጭ የሚመጣ ፋይል አልገጥም ማለቱ ነበር። አንድ ከተማ ብቻውን ሲዞርና ጎረቤቱ ሁሉ በቦታው ሲቀር የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሰነድ ተቀባዮች ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሲቪ በወርድ ብቻ» የሚል የሚጽፍ ቢሮ፣ የሚያስፈልገው ለማንበብ ከሆነ ፒዲኤፍ ለምን አይበቃውም? የመመረቂያ ጽሑፍ የሚረከብ ትምህርት ክፍል ከፒዲኤፉ ጋር ኦዲቲ ቢቀበል ምን ይጎዳል? ወርድ ራሱ ከ2009 ጀምሮ ኦዲቲ ይከፍታል እኮ። እንዲሞላ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ ቅጽስ ለምን ስልክ ላይ የሚፈርስ የወርድ ሠንጠረዥ ይሆናል፣ አብዛኛው ሰው የሚሞላው ከስልኩ ሆኖ ሳለ? ወጪ የለውም። አንድ መስመር ማስታወቂያ ላይ መቀየር ነው። በነዚህ ቢሮዎች ፋይሉ የተበላሸበት ሰው ነው ግዴለሽ ተብሎ የሚታለፈው፤ ሲቪው የተዘበራረቀበት ልጅ ለምን እንዳልተጠራ እንኳን አያውቅም።

እስከዚያው እኛ የምናደርገው አለ። ያለቀ ነገር በፒዲኤፍ ላኩ፣ ስልክ ላይ ያሉት ኦፊስ አፖች ሁሉ ያወጣሉ። አማርኛ በዩኒኮድ ጻፉ፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች ነፃ ስለሆኑ ተቀባዩም ሊያገኛቸው ይችላል። ወርድም ሆነ ሊብረኦፊስ ላይ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አብሮ የሚያስገባ ምርጫ አለ፣ ለሕትመት ቤት የምትወስዱት ከሆነ እሱን አብሩት። እኔ ያኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ፍላሼ ላይ አንድ ፒዲኤፍ ጨምሬ እሄድና 62 ገጽ አሳትሜ እወጣ ነበር፤ የገጽ ሂሳቡም የሚታሰበው በ62 ነበር።